ጨው ማድረቅ ቀላል ነውን?

ማግኒዥየም እንዴት እንደሚመረት በትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ «ውሃ አልባ ማግኒዥየም ክሎራይድ ቀልጦ በኤሌክትሪክ ሲለያይ ማግኒዥየምና ክሎሪን ይሰጣል» ይባላል። አባባሉ ስሕተት የለበትም። ሆኖም ዋናውን ችግር «ውሃ አልባ» በሚሉት ሁለት ቃላት ሥር ሸፍኖታል ብዬ አምናለሁ።

ከጨዋማ ውሃ በትነት በሚገኘው የማግኒዥየም ክሎራይድ ክሪስታል ውስጥ እያንዳንዱ የማግኒዥየም አዮን ስድስት የውሃ ሞለኪውሎችን ታቅፎ ይገኛል። ከ100 ኪሎ ግራም ክሪስታል 53 ኪሎ ግራም ያህሉ ውሃ ነው፤ ማግኒዥየሙ 12 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። የገበታ ጨውን ፀሐይ ታደርቀዋለች፤ ይህን ግን ፀሐይም ሆነች ተራ ምድጃ አያደርቁትም። የመጀመሪያዎቹ አራት ሞለኪውሎች በመጠነኛ ሙቀት ይወጣሉ። ችግሩ የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ ነው። የማግኒዥየም አዮን ትንሽና ባለ ሁለት ፖዘቲቭ ሙል በመሆኑ የውሃውን ኦክስጅን አጥብቆ ይይዛል። ሙቀቱ ሲበረታ ውሃው እንዳለ ከመውጣት ይልቅ ራሱ ይሰነጠቃል፤ ሃይድሮጅኑ ከክሎሪን ጋር ተዋሕዶ በሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝነት ሲበን፣ ኦክስጅኑ ከማግኒዥየሙ ጋር ይቀራል። በዚህ የሚፈጠረው ማግኒዥየም ኦክሳይድ 2,800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም። ስለዚህ በቀለጠው ጨው ውስጥ ዝቃጭ ይሆናል፣ ካቶዱንም ይሸፍናል። የተረፈው ውሃ ደግሞ የግራፋይቱን አኖድ ይበላል።

በአሜሪካ የዳው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ በቴክሳስ ፍሪፖርት ከባሕር ውሃ ማግኒዥየም ሲያመርት፣ ጨውን ፈጽሞ ከማድረቅ ይልቅ የአኖዱን መበላት እንደ ወጪ መቀበልን መርጧል፤ ፋብሪካው በ1998 ተዘግቷል። የኖርዌዩ ኖርስክ ሃይድሮ በበኩሉ በደረቅ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያደርቅ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን በቅልጥ ጨው ውስጥ የሚደረገው ማድረቅ ነው። በከፊል የደረቀው ጨው ቀድሞ በቀለጡ ክሎራይዶች ውስጥ ይጨመርና ሃይድሮጅን ክሎራይድ፣ ወይም ከካርቦን ጋር ክሎሪን ይነፋበታል። ኦክሳይዱም ተመልሶ ክሎራይድ ይሆናል። የሚነፋው ክሎሪን ደግሞ ከኤሌክትሮሊሲሱ የሚወጣው ራሱ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በዳሎል ምድር ሥር ቢሾፋይት የተባለው ይኸው ባለ ስድስት ውሃ ጨውና ካርናላይት ይገኛሉ፤ በካርናላይት ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎራይድም የውሃውን መሰንጠቅ ስለሚቀንስ ለማድረቅ ይረዳል። ይህንን የሰማ ተማሪ «ማግኒዥየም አለን» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ሀብቱ በጨው ቶን የሚለካ አይመስለኝም። የመጨረሻዎቹ ሁለት የውሃ ሞለኪውሎች በየትኛው ጋዝ፣ አሲድ በማይበላው በየትኛው ዕቃ፣ በስንት የኤሌክትሪክ ዋጋ እንደሚወጡ ሳይታወቅ ጨው ጨው ነው። ዛሬ አብዛኛው የዓለም ማግኒዥየም በቻይና ከዶሎማይት ድንጋይ በፌሮሲሊከን ይመረታል፤ የዋጋ ነገር ትልቅ ድርሻ ቢኖረውም፣ መነሻው ይህን የውሃ ጣጣ አለማወቁም ቀላል ጥቅም አይደለም።

መምህራን ይህንን በቤተ ሙከራ ቢያሳዩ እላለሁ። ጋዝ መሳቢያ ባለበት ቦታ ጥቂት ክሪስታል በመሞከሪያ ቱቦ ይሞቅ፤ አፉ ላይም የረጠበ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ይያዝ። መጀመሪያ የሚታየው የውሃ ጠብታ ብቻ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ወረቀቱ ይቀላል፤ በቱቦው ውስጥ የቀረው ነጭ ዱቄትም ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ ቢጨመርበት ሙሉ በሙሉ አይሟሟም።