በመስከረም ወር በባላገር ቤት፤ ስለ ከብትና ስለ ጓሮ መድኃኒት

የክረምቱ ዝናም አባርቶ፥ ጉሙም ከተራራው ላይ ተገፎ፥ ዐደይ አበባ ሜዳውን በሚሸፍንበት በዚህ ወራት የደጋው ባላገር ቤት ማጣትና ማግኘት በአንድነት ይታይበታል። ጎተራው ሊራቈት ተቃርቧል፤ ገብሱም ገና እሸት ነው። ሜዳው ግን ለምልሟል፤ ላሚቱ ወተት ትጨምራለች፤ በጊቱ ግልገሏን አስከትላ ትወጣለች፤ ንቡም ከማለዳ ጀምሮ ወደ አበባው ይተማል። ስለዚህ አዝመራው እስኪሰበሰብ ድረስ ቤተ ሰቡን የሚያኖረው እንስሳው ነው ማለት ይቻላል። አንዲት ላም በዚህ ወር የሞተችበት ቤት ልጆቹን በምን እንደሚመግብ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

የከተማ ሰው ይህን ወራት «ጸደይ» ማለትን ለምዶአል። በአባቶች አቈጣጠር ግን ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ጊዜ መጸው ሲሆን፥ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ነው። በስሙ አንከራከርም፤ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ሥራው ነው።

ከሁሉ አስቀድመን የምናሳስበው ስለ ማገጥ ነው። ማገጥ ከብትን የሚያደልብ፥ ወተትንም የሚያበዛ መልካም ተክል ነው። ነገር ግን ሌሊቱን ጦሙን ያደረ ከብት ጤዛው ሳይደርቅ በለጋ ማገጥ ላይ የተለቀቀ እንደ ሆነ፥ የበላው ሁሉ በሆዱ ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ አየሩም በአረፋው ውስጥ ስለሚታሰር በግሣት ሊወጣ አይችልም። በዚህ ጊዜ የግራ ሽንጡ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ሳይረዱት ቢቀሩም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞታል። ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን ባየ ጊዜ «ዐይን በላው» ይላል፤ እኛ ግን ማገጡ በላው እንላለን።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት ከማድ ቤት አይጠፋም፤ ይኸውም የኑግ ዘይት ነው። ዘይት አረፋውን ስለሚሰብረው አየሩ መውጫ ያገኛል። ለላም ግማሽ ሊትር ያህል፥ ለበግም አንድ የቡና ስኒ ያህል በጠርሙስ ይሰጣል። አንገቱን እጅግ ቀና አድርጎ፥ ምላሱንም ስቦ ማንቈርቈር ዘይቱን ወደ ሳንባው ስለሚልከው፥ በአፉ ጐን በኩል ጥቂት በጥቂት እያደረጉ፥ መዋጡንም እያዩ ማጠጣት ይገባል። ከዚህ በኋላ ከብቱ እንዳይተኛ አቁሞ በዝግታ ማንሸራሸር ነው። ያልተሻለው እንደ ሆነ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ እንጂ፥ ማንም ሰው በድፍረት ሽንጡን በቢላዋ አይውጋው። ይህ ሁሉ ግን ሳይመጣ፥ ጧት ከበረት ከመውጣቱ በፊት አንድ እቅፍ ጭድ ቢያቀርቡለት፥ ጤዛውም እስኪደርቅ ድረስ ቢያቈዩት ከዘይቱ ይልቅ ይረክሳል።

በጎች ደግሞ ረግረግ ባለበት ዳር መሰማራታቸው አይበጅም። በዚያ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ የጉበት ትልን ዘር በሆድዋ ታሳድጋለች፤ ዘሩም ከእርስዋ ወጥቶ በሣሩ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ በጉም ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል። ከወራት በኋላ በጉ ይከሳል፤ አገጩ ሥር ያብጣል። ለዚህ ትል የእንስሳት ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒት ስላለ፥ ቅጠል እያጠጡ ቀኑን ማሳለፍ በጉን ማሳጣት ነው።

ስለ ቀንድ አውጣ ካነሣን እንዶድን ማንሣት ግድ ነው። እናቶቻችን በእንዶድ ፍሬ ነጠላ ሲያነጡ ኖረዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የበግ ሳይሆኑ ብልሃርዝያ የሚባለውን የሰው ደዌ የሚያስተላልፉት ናቸው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ምርምር ተደረገ፤ እርሳቸውና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ልብስ አጣቢዎቹ የያዙት ነገር ሊቃውንትን እስከ ማስደነቅ መድረሱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ቀንድ አውጣን የገደለው ያው ኀይል ሰውንም ስለሚጎዳ፥ እንዶድ ለልብስ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም።

አሁን ወደ ጓሮው እንመለስ። የጓሮዋን አጥር ዳር ያልናቀች እመቤት ለትንንሹ ሕመም ሁሉ ወደ ከተማ አትሮጥም። ዳማ ከሴ ለምች ይታሻል፤ ጭማቂውም ይሸተታል። ጦስኝ በመንዝና በሌላውም ደጋ በየገደሉ አፋፍ ስለሚበቅል፥ ልጆች ከብት ሲጠብቁ ለቅመው ያመጡታል፤ በጥላ ደርቆ በክዳን ዕቃ ቢቀመጥ መዓዛው ዓመቱን አይለቅም፤ ለጉንፋንና ለሳል በሻይ መልክ ፈልቶ ይጠጣል። ግራዋም የጠላ ጋን ያጥባል። ጤና አዳም በቡና ላይ አንድ ቀምበጥ ጣል ሲደረግ ሆድን ያረጋጋል፤ መዓዛውም ስኒውን ያሳምረዋል።

ስለ ጤና አዳም ግን ሁለት ነገር ልናክል እንወዳለን። ነፍሰ ጡር ሴት ከእርሱ ብትርቅ ይሻላል፤ ብዛቱ ማሕፀንን ያነሣሣልና። ደግሞም የትኩስ ቅጠሉ ውሃ በቆዳ ላይ ሳለ ፀሓይ ያገኘው እንደ ሆነ እንደ እሳት ያቈስላል፤ በእኩለ ቀን አጭዳ እጅዋ ውሃ የቋጠረባት ሴት ምክንያቱን ሳታውቀው ትቀራለች። በጥቅምትና በኅዳር የሚቈረጠው አዲስ ማር በጦስኝ ሻይ ላይ ቢጨመር ለሳል መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በጣት እንኳ አይቅመስ። ለትልቅ ሰው የማይጎዳ ጥቃቅን ዘር በማሩ ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል፥ በሕፃኑ አንጀት በቅሎ ሰውነቱን የሚያዝል መርዝ ያፈልቃል።

ኮሶም በቀድሞ ዘመን በየሁለት ወሩ ይጠጣ ነበር፤ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ኮሶ መፈለጉ የማይቀር ነው። ሥራውን መሥራቱን አንክድም። ነገር ግን ልኩ ያለፈ እንደ ሆነ የዐይንን ብርሃን እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ ሐኪሞች አረጋግጠዋል፤ ዛሬም ያንኑ ትል የሚያወጣ የታወቀ ኪኒን ስላለ፥ በጭብጥ እየለኩ መጠጣት ምን ያደርጋል?

እስከዚህ የጻፍነው በእመቤቲቱ ማስተዋል የሚፈጸም ነው። አንድ ነገር ግን ከጓሮ መድኃኒት ሁሉ ውጭ ነው፤ እርሱም የእብድ ውሻ ንክሻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነከሱት ከብት የሚጠብቁ ልጆች ናቸው፤ እነርሱም «መንጋውን ትተህ የት ሄድህ» እንዳይባሉ ቁስላቸውን ይደብቃሉ። ስለዚህ ማታ እግራቸውን ሲታጠቡ ማየት፥ የተጫረውንም ሳይቈጡ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ ደዌ የእንዶድ ሥርና ሌላም ሥር በምስጢር የሚያጠጡ ሰዎች አሉ፤ «እገሌን አድኜዋለሁ» ብለውም ምስክር ይጠራሉ። ይህን የሚያምን ሰው ሞኝ ነው አንልም፤ ምስክሩ በሕይወት ስለሚታይ ነው ያመነው። ነገር ግን የሚናከስ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ባበደ ውሻ የተነከሰም ሁሉ አይታመምም። ያልታመመው ሰው ከሥሩ የተነሣ የዳነ ይመስለዋል። ደዌው ደግሞ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ቀስ እያለ ስለሚሄድ፥ ሳምንታት ወይም ወራት ሊቈይ ይችላል፤ በመጀመሪያው ወር «ይኸው ዳነ» ተብሎ የተዘመረለት ልጅ በሦስተኛው ወር ውሃ ሲያይ የሚደነግጥ ይሆናል። ያን ጊዜ በዓለም ያለ ሐኪም ሁሉ ቢሰበሰብ ማዳን የሚችለው አይገኝም ማለት ይቻላል።

ሳይታመም ግን መድኃኒት አለው። ሉዊ ፓስተር በፓሪስ ከተማ በ1885 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነው ወዲህ ነገሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ የተነከሰውን ልጅ ቁስል ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፥ ቅጠልም ሆነ በርበሬ አለመነስነስ፥ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። ክትባቱ በአንድ ቀን የሚፈጸም ስላልሆነ፥ ልጁ ደኅና መስሎ ቢታይም ቀጠሮውን አንድ እንኳ ሳያስቀሩ መጨረስ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፥ የአጨዳም ጊዜ ነው የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

ያው ውሻ ላሚቱንም ነክሷት እንደ ሆነ ወተቷ ለልጆች አይሰጥ፤ ብትሞትም ሥጋዋ አይበላ፤ ለእንስሳት ሐኪሙም ይነገር። የቤቱን ውሻ በየዓመቱ ማስከተብም በዚሁ ወር ቢደረግ ይመቻል፤ ጭቃው ደርቆ መንገዱ ተከፍቷልና፥ ልጆቹ ውሻውን በገመድ ይዘው እስከ ጣቢያው ሊያደርሱት ይችላሉ።