ልጆቻችንን ሰገሌ እንውሰዳቸው



ባለፈው የወር ስብሰባ ላይ የልጆቹ ጉዞ ነገር ተነሥቶ ሳይወሰን ቀርቷል። በጥር ወር የትምህርት ዕረፍት አሥር አሥራ አምስት ቤተሰብ ተባብሮ አንድ አውቶቡስ ይከራይ፣ ልጆቹም ጦርነት የተካሄደበትን ታሪካዊ ቦታ አይተው ይመለሱ የሚል ነበር ሐሳቡ። ከፊሉ አድዋ አለ። ከፊሉ ደሞ አድዋ ሩቅ ነው፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ የተከፈተውን የአድዋ ድል መታሰቢያ እናሳያቸው አለ። እኔ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ስለነበር ብዙ አልተናገርኩም። አሁን ሐሳቤን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ላቅርብ። ሰገሌ እንውሰዳቸው ነው የምለው።

አድዋን የሚጠላ የለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይዘውት ይመጣሉ። የኔዋ ትንሿ እንኳ፣ እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የጣሊያኑን ምሽግ ውሃ እንዴት እንዳስያዙበት ለአያቷ ስታወራ ሰምቻለሁ። ጠላት ከባሕር ማዶ መጣ፣ ተባብረን መለስነው። ይህን ለልጅ መንገር ቀላል ነው። ጭንቁ ሰገሌን መንገር ነው፤ በስብሰባው ላይም ማንም ስሙን ያላነሣው ለዚሁ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ኢያሱ የአጤ ምኒልክ የልጅ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ እስልምናን ተቀብለዋል ተብለው ተከሰው ከሥልጣን ወረዱ፣ ዘውዲቱ ነገሡ። አባትየው የልጃቸው ነገር ሆነባቸውና የወሎን ጦር ይዘው ተነሡ። ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን ራስ ልዑልሰገድን ገጥመው ድል አደረጉ፤ ራስ ልዑልሰገድም እዚያው ወደቁ። ነገር ግን ንጉሡ ፈጥነው ወደ አዲስ አበባ ስላልገፉ፣ የሸዋ ጦር ከየአገሩ መሰብሰቢያ ጊዜ አገኘ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ መሪነት ሰገሌ ሜዳ ላይ ጦርነቱ ሆነ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ በኋላም አዲስ አበባ ላይ በሰንሰለት ታስረው በሕዝብ ፊት እንዲያልፉ ተደረገ። ልጅ ኢያሱ አንኮበር ድረስ፣ ከይፋት ራስጌ ማለት ነው፣ መጥተው ነበር። አልደረሱላቸውም።

እኚህ ንጉሥ ሚካኤል ማን ናቸው? የአጤ ምኒልክ አማች ናቸው። አድዋ ላይ የወሎን ጦር ይዘው የተዋጉ ናቸው። አድዋ አብረው የዋሉ ሰዎች ሃያ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሰገሌ ላይ ተራረዱ።

በእድራችን መዝገብ ላይ የሸዋም የወሎም ዘር ያለው ሰው ሞልቷል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ያለባቸው ልጆች ስንት ናቸው! አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚውም መስጊድ ሄያጁም ለቅሶ ሲሆን አንድ ድንኳን ሥር ነው የምንቀመጠው። ታዲያ ልጁ ሜዳው ላይ ቆሞ «አባዬ፣ የኛዎቹ የትኞቹ ነበሩ?» ቢል ምን ትሉታላችሁ? እኔ የምፈልገው ይህ ጥያቄ እኛ ባለንበት እንዲጠየቅ ነው። ከኛ ካልጠየቀ ሌላ ቦታ ይጠይቃል፤ መላሽ ደሞ በየስልኩ ላይ አይጠፋም። ያ መላሽ የኛ እነዚህ፣ የነሱ እነዚያ ብሎ ነው የሚከፍልለት።

አንዲት እናት «ልጆቻችን በ2014 ያዩት አነሳቸውና ነው ገንዘብ አውጥተን ጦር ሜዳ የምናሳያቸው?» ብለዋል። እውነታቸውን ነው። በኅዳር 2014 ጦርነቱ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ገብቶ ስንቱ ልጁን አዝሎ በእግሩ እንደወጣ ሁላችን እናውቃለን። ዛሬም በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ ልጅ አለ። እንዲህ ያለው ልጅ አይገደድ፣ ወላጁ ያውቅበታል። ሌሎቹ ግን ያዩትን አይተው ሲያበቁ፣ ቁጭ አድርጎ ያስረዳቸው ሰው የለም። አልቅሰን ቤታችንን ጠግነን ዝም አልን። መቶ ዓመት ያለፈውን ጦርነት ስንነግራቸው ምናልባት የራሳቸውንም ለመናገር አፋቸው ይፈታ ይሆናል።

አካሄዱን በተመለከተ፣ ፉከራና ቀረርቶ ይቅር። የፕላስቲክ ጠመንጃ ያለው ልጅ ጠመንጃውን ቤት ይተወው። አንድ ወሎዬ፣ አንድ ሸዌ ሽማግሌ አብረውን ይውጡ፤ ሁለቱም ያወሩ፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው አያቋርጥ። ቄሱም ሼሁም ከሁለቱም ወገን ለወደቁት እንደየእምነታቸው ይጸልዩ። ልጆቹ «የሚታየው ነገር የታለ?» ማለታቸው አይቀርም። ሜዳ ነዋ! ይሩጡበት፣ ይቀመጡበት፣ ቆሏቸውን ይብሉበት።

መንገዱም ራሱ ትምህርት አለው። ጣርማ በር ስንደርስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራውን መተላለፊያ ወርደው ይዩት። በመንዝ በኩል ደሞ፣ ዘረት ዋሻ ውስጥ የተጠለለውን ሕዝብ ጣሊያን በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመርዝ ጋዝ እንደፈጀው እግረ መንገዳችንን ይነገራቸው። እዚያ ድረስ ግን አንሄድም፤ ለትንንሾቹ ይከብዳል።

የእድሩ የቀብር ገንዘብ ለዚህ ጉዞ አይነካም፤ ይህ ከአሁኑ ይታወቅ። ወጪው በተጓዡ ቤተሰብ ነው፣ ለተቸገረ ጎረቤት መቀመጫ የሚከፍል በጎ ሰው ካለ ስሙን ሳይጠራ ለገንዘብ ያዡ ይስጥ። መንገዱ ሰላም መሆኑ ሳይረጋገጥም አንነሣም። አድዋ ይሁን የሚል አባል በሚቀጥለው ስብሰባ መጥቶ ይከራከረኝ፣ በድምፅ ከተሸነፍኩ ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔው ነኝ። ሰገሌ ይሁን የሚል ደሞ የልጆቹን ስምና ዕድሜ ከስብሰባው በፊት ያስመዝግብ። ለየልጁ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ይያዝ፤ የኛ የቆላ ልጆች የጥርን የደጋ ውርጭ አያውቁትም።

የእድሩ ጸሐፊ