ስም ያጣው የወላይታ ሸክላ

የጥንታዊት ግሪክ የሸክላ ሥዕል ዕድገት ዛሬ በቅደም ተከተል የሚነበበው ዕቃዎቹ ውብ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ900 እስከ 700 ገደማ የቆየው ጂኦሜትሪያዊ ስልት፣ በ7ኛው መቶ ዓመት በቆሮንቶስ የዳበረው ጥቁር ምስል፣ በ530 ገደማ በአቴና የተጀመረው ቀይ ምስል ተለይተው የታወቁት በትዕግሥት በተሠራ ምዝገባና ንጽጽር ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ቢዝሊ (1885–1970) የጆሮን፣ የዐይንንና የልብስ እጥፋትን አሣሣል እያስተያየ ፊርማ የሌላቸውን ዕቃዎች ለየሠዓሊዎቻቸው መድቧል። ስማቸው ለጠፋውም መጠሪያ አውጥቶላቸዋል።

ወላይታ ውስጥ ሁኔታው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሠሪዋ በሕይወት እያለች ስሟ አይመዘገብም። በዳሞት ተራራ የሚገኘው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ በጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎቹ በዓለም ይታወቃል፤ በላይኛዎቹ ንብርብሮቹም የሸክላ ስብርባሪ ተገኝቷል። በሌላው ጫፍ ደግሞ በሶዶ ገበያ የሚሸጠው እንስራ፣ ድስትና ጀበና አለ። በሁለቱ መካከል ያለውን ረጅም ዘመን የሚያገናኝ የሸክላ ታሪክ ግን ገና በወጉ አልተጻፈም።

«የእኛ ሸክላ ሥዕል የለበትም፤ ስለዚህ የስልት ታሪክ የለውም» የሚል ክርክር ይቀርብ ይሆናል። ይህ መለኪያውን ከአቴና ተውሶ ወላይታን መመዘን ነው። ያለ መሽከርከሪያ በእጅ በሚሠራና በግልጽ እሳት በሚተኮስ ዕቃ ላይ ስልት የሚፈለገው በከንፈሩ ቅርጽ፣ በእጀታው አቀማመጥ፣ በጭረቱና በልስላሴው ነው። በአጎራባቹ ጋሞ ጆን አርተር ያካሄደው ጥናት እንዳሳየው፣ የመጠጥ መጥመቂያ ሸክላ የውስጥ ገጽ መቦርቦር እንኳ ስለ ቤተሰቡ ሀብትና ማዕረግ ይናገራል።

እንደ እኔ እምነት ዋናው እንቅፋት የማስረጃ እጥረት ሳይሆን ንቀት ነው። ጭናሻ እየተባሉ የሚጠሩት ሸክላ ሠሪዎች ከሌላው ማኅበረሰብ ጋር እንዳይጋቡ ተከልክለው ኖረዋል። የሠሪዋን እጅ ዝቅ አድርጎ ያየ ማኅበረሰብ የእጇን ሥራ ታሪክ አድርጎ ለመመልከት ይቸገራል፤ ተመራማሪውም ከዚህ ተጽዕኖ ነፃ አይደለም።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ ሥራ እንዲጀምሩ አሳስባለሁ። ለእያንዳንዱ ዕቃ የሠሪዋን ስም በፈቃዷ፣ ሙያውን ያስተማረቻትን ሴት፣ ጭቃው የተቆፈረበትን ስፍራ፣ የተሠራበትን ዓመትና አገልግሎቱን መመዝገብ በቂ መነሻ ነው። የሁለት ወይም የሦስት ትውልድ ሥራ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የለውጡ መስመር መታየት ይጀምራል፤ በቁፋሮ የሚገኘውም ስብርባሪ ማነጻጸሪያ ያገኛል።

ጀሪካን እንስራን፣ ብረት ድስት የሸክላውን ድስት እየተኩ ነው። ቢዝሊ ሙታንን መጠየቅ ስላልቻለ መስመርና ጥላ ሲመረምር ኖረ። እኛ ግን ዛሬም ሠሪዋን ራሷን መጠየቅ እንችላለን፤ ይህ ዕድል ካለፈ በኋላ የሚቀረን ስም የለሽ ገል ብቻ ነው።