«ታረቅን» ስላት «ማን ከማን ጋር?» አለችኝ



ባለፈው ሳምንት አንዲት ያስተማርኳት ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ስሟንም ጉዳይዋንም እዚህ አላነሣም። ከቤተሰቦቿ ጋር ከተቆራረጠች ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን «ነይና እንታረቅ» ብለው ሰው ልከውባታል። «ቲቸር፣ እርስዎም ከቤተሰብ ተጣልተው ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ላድርግ?» ትላለች። በሁለት መስመር የሚመለስ አልሆነልኝም። ለሌሎቻችሁም ይጠቅም ይሆናል ብዬ፣ ባለቤቴንም አስፈቅጄ ነው እዚህ የምጽፈው። ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ ጥናት አልጠቅስላችሁም። በቤቴ የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

ያደግኩት ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው። አባቴን እስከ ዛሬ አንቱ ነው የምለው። እሳቸው ሲገቡ እንነሣለን። እሳቸው ሳይቆርሱ የማንም እጅ መሶብ ውስጥ አይገባም። ማታ እግራቸውን አጥበን ነው የምንተኛው። ታላቅ እህቴ ሰባተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ተዳረች። ለቅሶዋ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ሐቁንም ልናገር። በ1998 ዓ.ም. ኮሌጅ ስገባ አባቴ አንድ በሬያቸውን ሸጠው ነው የላኩኝ። ገበሬ በሬውን ሲሸጥ ምን ማለት እንደሆነ የገጠር ልጆች ታውቁታላችሁ። ያን ዓመት ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው ያረሱት። በአገሩም የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ደም የተቃቡ ሰዎችን ሲያስታርቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ጨካኝ አልነበሩም። ከአባታቸው የተቀበሉትን ሳይጠይቁ የያዙ ሰው ነበሩ። ለኔ ከባዱም ይሄ ነው። ክፉ አባት ቢሆኑ ኖሮ ትቻቸው መሄድ ይቀለኝ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ላገባት የፈለግኳት ልጅ እንዳለች ነገርኳቸው። አንደኛ ደረጃ የምታስተምር መምህርት ናት። ስለ ትምህርቷም ስለ ጠባይዋም አልጠየቁኝም። «የማን ልጅ ናት?» ብቻ አሉ። ነገርኳቸው። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጀበናና ምጣድ ይሸጣሉ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ቃል አብዛኞቻችሁ ገምታችሁታል። «ከቡዳ ቤት?» አሉ። ቀጥለውም «እኔን ቅበረኝና አግባት» ብለው ተነሥተው ወጡ።

ይህን ሲሉ እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ጀበናው የማን እጅ ሥራ ነው? እንጀራው የተጋገረበት ምጣድስ? ዕድሜ ልካችንን ከእነዚያ እጆች ሥራ እየበላን እየጠጣን፣ የእጆቹን ባለቤት ግን ዓይኗ ይበላል እያልን ከልጆቻችን እናርቃለን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 25 ላይ ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ ልዩነት እንደማይደረግበት ይናገራል። እኔ ደግሞ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። በድሮው መጽሐፍ ምዕራፍ ሦስት «እኩልነት» እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ፤ አስጨንቄያችሁ ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት እኛ ቤት ግን ገና አልደረሰም ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ተጋባን። በእኔ በኩል ሽማግሌ ሆነው የሄዱት አብረውኝ የሚያስተምሩ ሦስት መምህራን ናቸው። በሠርጉ ቀን የኔ ዘመዶች የሚቀመጡበት አግዳሚ ባዶውን ዋለ። የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ እናቴ በሰው እጅ ቅቤ ላከች፤ ተደብቃ። አባቴ አልመጡም። በእህቴ በኩል የላክሁላቸው ገንዘብ እንደታሠረ ተመለሰልኝ። እንዲህ እያለ ሰባት ዓመት ሄደ።

በ2011 ዓ.ም. አባቴ ሽንት ከልክሏቸው በሰው ትከሻ ከተማ ሆስፒታል ገቡ ተባልኩ። ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ጠመኔውን ጥዬ ሮጥኩ። አልጋ ላይ ሳያቸው ትንሽ ሰው ሆነውብኛል። ጉልበታቸውን ሳምኩ። «መጣህ?» አሉኝ። ከዚያ በላይ ቃል አልወጣቸውም፤ እኔም አልወጣኝ። አጎቴና ሁለት ሽማግሌዎች እዚያው ነበሩ። «በቃ! አባት ነው፤ ልጅ ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» አሉን። ተባባልን። አለቀስን።

እየበረርኩ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ልብስ እያጠበች ነበር። «ታረቅን!» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና «ማን ከማን ጋር?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። «አንተን ምን ብለው ሰደቡህ?» አለች። «የተሰደብኩት እኔ ነኝ። እናቴ ናት። ጎረቤት ሳልፍ ልጇን በነጠላ የምትሸፍነው ከኔ ዓይን ነው። ደስ ብሎኛል፤ አባትህ ናቸው፤ ይማሩልህ። ግን እኔን ወክለህ አልታረቅህም።»

ሰባት ዓመት ሙሉ ተበዳዩ እኔ ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት። አባቴን ያጣሁ እኔ፣ ሠርጌ ላይ ዘመድ ያጣሁ እኔ። ውሸት አይደለም፤ ጎድቶኛል። ግን የኔ ጉዳት የሷ ጉዳት ጥላ ነው። እኔ በፈለግሁ ቀን ወደዚያ ቤት መግባት እችላለሁ፤ የዚያ ቤት ልጅ ነኝ። እሷ አትችልም። እኔ ተመልሼ ገብቼ በሩ እሷ ላይ እንደተዘጋ ከቀረ፣ ያ እርቅ ሳይሆን እኔም ከነሱ ጋር መሆኔ ነው።

አባቴ ድነው አገራቸው ከገቡ በኋላ ለፋሲካ ጠሩኝ። ሄድኩ፤ ለብቻዬ፤ ግን ለመብላት አልነበረም። ሌላ ሰው በሌለበት «አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ ሰው ሲያስታርቁ ተበዳይ ሳይገኝ ያስታርቃሉ?» አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። ግን ገባቸው። ምክንያቱም ሥራቸው ነው። የድንበር ጠብ ሲሆን ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው በዳይ ማን ነው፣ ተበዳይ ማን ነው ብሎ ነው። ምስክር ይሰማል። ካሣ ይቆረጣል። ይቅርታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቤት ውስጥ ጠብ ሲሆን ግን ይህን ሁሉ ዘለን «አባት ነው እኮ፣ ተዪው»፣ «እናት ናት እኮ፣ እለፈው» እንላለን። ለአንድ ጥማድ መሬት የምናደርገውን ጥንቃቄ ለሰው ልብ እንነፍጋለን። ዝም በይ የሚባለውም ሁልጊዜ ታናሹ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሴቷ ናት። እኔ የሽምግልና ባህላችን ይጥፋ አልልም፤ ትልቅ ሀብት ነው። እኛው ቤት ሲደርስ ግን በደንቡ ይሠራበት ነው የምለው።

ቀጥሎ የሆነው በአንድ ቀን አልሆነም። አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል አባቴ ሳይነግሩን ቤታችን መጡ፤ አጎቴን አስከትለው። ባለቤቴ ቡና አፈላች። አባቴ ጠጡ፤ ሦስቱንም። ምግብ ሲቀርብ ግን «ጾም ነኝ» አሉ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ የሚጾም ጾምም አልነበረም። ባለቤቴም አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ ዝም አልን። ሁለተኛ ሲመጡ ግን በሉ። አጎቴ እስከ ዛሬ ቤታችን አይበላም።

በ2014 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ልጃችን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ አባቴ ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎች መሐል ተቀምጠዋል። አማቴ ገቡ። ያው እንደ ልማዳቸው ጥግ ሊይዙ ሄዱ። አባቴ ዘንጋቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና «ኖር!» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌዎችም እሳቸውን አይተው ተነሡ። አማቴ ትንሽ ደንግጠው ቆሙና «በእግዜር» አሉ። አባቴ ከጎናቸው ቦታ ለቀው አስቀመጧቸው።

አባቴ «ይቅርታ» የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ከአፋቸው አላወጡም። ነገር ግን በአገሩ ሰው ፊት፣ ሲሰድቡ በሰሟቸው ሰዎች ፊት ተነሡ። በኔ ግምት ካሣው እሱ ነበር።

ማታ ሁሉም ሲሄድ ባለቤቴን «አሁንስ?» አልኳት። «ለእናቴ ተነሥተዋል። እናቴ ደስ ብሏታል። እኔ ግን ገና ነኝ» አለች። አልተከራከርኳትም። ዛሬም አባቴ ሲመጡ ጉልበታቸውን ስማ ትቀበላለች፤ ታበላቸዋለች፤ መድኃኒታቸውን ሰዓቱን ጠብቃ የምትሰጣቸውም እሷ ናት። ልቧ ውስጥ ስንት እንደቀረ እሷ ነች የምታውቀው። አላስቸኩላትም።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ።

መታረቅ ማለት «እናንተ ልክ ነበራችሁ» ማለት አይደለም። እኔ ከአባቴ ጋር ታርቄም ያሉት ነገር ስህተት እንደነበር አንድ ቀን አልካድኩም። ወላጆቻችን «አጠፋን» የሚል ቃል ላይወጣቸው ይችላል፤ ማንም አላስተማራቸውም። እሱን ቃል ብቻ ስትጠብቂ ዕድሜያቸው እንዳያልቅብሽ። የሚያደርጉትን እዪ። በስውር ሰድበው በስውር ከሆነ የሚክሱሽ ጥሩ፤ በሰው ፊት አዋርደው በጓዳ «እንርሳው» ካሉ ግን ገና ነው።

ከመሄድሽ በፊት ደግሞ የተበደለው ማን እንደሆነ ቁጠሪ። አንቺ ብቻ ከሆንሽ ውሳኔው ያንቺ ነው። ከአንቺ ጋር ሌላ ሰው ካለ ግን እሱን ጓዳ ትተሽ ሳሎን አትታረቂ። የተጣላችሁት ዱላ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ኖሮ ከሆነ ደግሞ፣ ሽማግሌ ስለለመነሽ ብቻ ደኅንነትሽን ይዘሽ አትመለሺ። ከሩቅ ሆኖ ይቅር ማለትም ይቻላል።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ፤ ሽማግሌ ሆናችሁ የምትላኩ ካላችሁ «አባት ነው እኮ» ከማለታችሁ በፊት ዝም ያለችውን ጠይቁልኝ። ከናንተ መሐል እዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ አነባለሁ። ስድብ የሚጽፍ ካለ ግን አጠፋዋለሁ፤ ባለቤቴም ታነባለችና።

ቸር ያሰማን።