ናርጋ ያልደረሰችው ጀልባ

መቀሌ፣ ሓወልቲ ቁጭ ብሎ ስለ ጀልባ ሽርሽር የሚጽፍ ሰው ቢሳቅበት አይገርምም። እኛ ሰፈር ከሩቅ የሚታየው የሰማዕታት ሐውልት እንጂ ውኃ አይደለም። ውኃ በፈረቃ ነው፤ ቧንቧው ተንፈስ ያለ ለት ጄሪካን ይዞ የማይሮጥ የለም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል በ2011 ዓ.ም. ጣና ላይ ያሳለፍናትን አንዲት ቀን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ እያነሣ የሚስቀውም የሚናደደውም።

ነገሩን የጀመረችው አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት። አናቷ ላይ መዋኛ ገንዳ ያላት፣ ፎቅ በፎቅ የሆነች መርከብ ላይ የተነሣችውን ፎቶ ላከችልን። ልጆቹ ስልኩን ተሻሙበት። «እኛስ?» አሉ። ባሕር የለንም፣ ጣና ግን አለን አልኩ። እናቴ ጣና የሚለውን ስትሰማ መርከቧን ረሳቻት፤ የእሷ ሐሳብ እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ላይ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን መሳለም ነበር። ብዙዎቹ የጣና ገዳማት ሴት አያስገቡም፤ ናርጋ ግን ያስገባል።

ባሕር ዳር ወደቡ አጠገብ አንድ ሰው ተቀበለን፤ ምላሱ ማር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት እንነሣለን፣ ደቅ እንሄዳለን፣ ሴቶቹ ናርጋን ሲያዩ ወንዶቹ የነገሥታቱ አፅም ያረፈበትን ዳጋ እስጢፋኖስን ያያሉ፣ ስንመለስ ዘጌ ቡና እንጠጣለን፣ ምሳ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ፣ ለሁላችሁም የመንሳፈፊያ ጃኬት። 3,000 ብር፣ ግማሹ አሁን። ደረሰኝ ስለው ፈገግ አለና «ጋሼ፣ እኛ በቃላችን ነው የምንኖረው» አለኝ። አፈርኩ። የጠየቅሁት እኔ፣ ያፈርኩትም እኔ።

የ1 ሰዓቱ ጀልባ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ስድስት ነን፣ ጃኬቱ አራት ነው፤ ካራቱም የአንዱ ስፖንጅ ወጥቷል። ለልጆቹና ለሴቶቹ ሰጥተን እኔና ወንድሜ በእግዚአብሔር ቸርነት ተሳፈርን። ከወደቡ ርቀን አርባ ደቂቃ ያህል እንደሄድን ሞተሩ አንድ ጊዜ አሳለና ዝም አለ። ሞተረኛው ገመዱን ጎተተ፣ ነዳጁን ነካካ፣ ደግሞ ጎተተ። ወደ እኛ ዞሮ አንድ ቃል አልተናገረም። ምን ሆነ ብለን ስንጠይቀው «ይነሣል» አለ። የሚነሣው መቼ እንደሆነ የሚያውቀው ሞተሩ ብቻ ነበር።

ትንሿ ልጄ እጇን ውኃው ውስጥ ነክራ «አባ፣ ይሄ ሁሉ ውኃ እያለ እኛ ሰፈር ለምንድነው የማይመጣው?» አለችኝ። ከቀኑ ጥያቄዎች ሁሉ ጥሩው እሱ ነበር፤ መልስ ያጣሁለትም እሱ ነው።

ጣናን የሚያውቅ ሰው ለደቅ በማለዳ የሚነሣው ወዶ አይደለም። ጉዞው መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሣና ሐይቁ ይቆጣል። እኛ ቆመን እያለ ሞገዱ ጀልባዋን በጎን መምታት ጀመረ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ እስጢፋኖስን መጥራት ጀመረች። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየን በኋላ ሌላ ጀልባ መጥቶ ወሰደን። ወደ ናርጋ አይደለም፣ ወደ ዘጌም አይደለም፤ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት፣ ጉማሬ እናሳያችሁ ተብለን። ጉማሬው የታየው ለሞተረኛው ብቻ ነው፤ እኛ ያየነው ድንጋይ ነው።

ዓሣው? «ዛሬ አልተገኘም።» እናቴ ከመቀሌ ይዛው የመጣችው ሕምባሻ ባይኖር ልጆቹ በብስኩት ይውሉ ነበር። ሕምባሻውን ቆርሳ ለሞተረኛውም ሰጠችው፤ እሱም በደንብ በላ። ከፍለን የተሳፈርን እንግዶች አስተናጋጁን አበላን ማለት ነው።

ወደቡ ስንደርስ ያ ባለ ማር ምላስ ሰውዬ ቀሪውን 1,500 ብር ሊቀበል ቆሞ ነበር። ሰጠሁት። እናቴ መረቀችው። ሚስቴ እስከ ሆቴሉ አላናገረችኝም፤ ልክ ነበረች።

ሞተር ይበላሻል፤ በዚህ አልቀየምም። በ2013 እ.ኤ.አ. ካርኒቫል ትራያምፍ የምትባለው ግዙፍ መርከብ የሞተር ክፍሏ ተቃጥሎ ከ4,000 በላይ ሰው እንደያዘች ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ቀርታለች። መጸዳጃ ቤቱ ሳይቀር ሥራ አቁሞ፣ ሽታው ለቀናት የዓለም ዜና ነበር። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ኩባንያው የተሳፋሪዎቹን ገንዘብ መለሰ፣ በላዩ 500 ዶላር ጨመረ፤ በዚያው ዓመት የመርከብ ኩባንያዎቹ ማኅበር የተሳፋሪዎችን መብት በጽሑፍ አወጣ። ደግነት አልነበረም፤ ተሳፋሪው ቲኬት ይዟል፣ ጠበቃም አለው።

እኛም ጽሑፍ አላጣንም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ጉድለት ላለበት አገልግሎት ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅም ይችላል። ግን በምን ማስረጃ? አዋጁ የሚሠራው ወረቀት ለያዘ ሰው ነው። እኔ ወረቀቱን በይሉኝታ ለውጬዋለሁ። እንግዳ የሚያከብር አገር ነን እንላለን፤ እውነት ነው፣ እንግዳው ገንዘብ እስኪከፍል ድረስ። ቤታችን በነፃ የመጣውን ሰው እግር እናጥባለን፣ ከፍሎ የመጣውን ግን ዞር ብለን አናየውም።

ይህን የምለው ባሕር ዳርን ለማማት አይደለም። መቀሌም ከዚህ ንጹሕ አልነበረችም። ከትግራዩ ጦርነት በፊት ወደ ኤርታ ኣለና ዳሎል የሚሄዱ ቱሪስቶች ከዚህ በላንድክሩዘር ሲነሡ፣ ሲመለሱም ፊታቸውን አይተናል፤ ጨው ብቻ አልነበረም ያጨማደደው። ቃል የተገባለት ፍራሽ ያልተገኘለት፣ ሙቅ ሻወር አለ ተብሎ በቀዝቃዛ የታጠበ እንግዳ እኛም አለን።

ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ወደ መቀሌ በረራ እንደገና ተጀምሯል። ገርዓልታ ያለው አስጎብኚም፣ እዚህ ሓወልቲ ቢሮ የሚከፍተው ልጅም በዚያ የሚመጣውን እንግዳ ይጠብቃሉ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሲመጣ ደረሰኝ ስጡት፤ መኪናው ሲበላሽ ደግሞ «ይነሣል» አትበሉት፣ ምን እንደሆነና መቼ እንደሚደርስ ንገሩት። እናንተም አንባቢዎች፣ ደረሰኝ ስትጠይቁ እንደ እኔ አትፈሩ።

እናቴ ዘንድሮ 74 ዓመቷ ነው። ናርጋን እስካሁን አላየችም።