«ካርቡሬተሩ ይቀየር» ከማለታችሁ በፊት

ወዳጆች፣ በተለይ እኔ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይቺን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ተናድጃለሁ።

ጎረቤቴ ጋሼ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለቻቸው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሣለች። ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን ወርደው ሸዋ ሮቢት ቀትር ላይ ሻይ ልጠጣ ብለው ካቆሟት ግን፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንቢ! የሚገፉላቸው የባጃጅ ልጆች ናቸው። ጋራዥ ወሰዷት። መጀመሪያ ባትሪ አስቀየሯቸው። ቀጥሎ አራት ካንዴላ። አሁን ደግሞ «ካርቡሬተሩ ሞቷል፣ ሌላ ይገዛ» ተባሉ።

እስኪ ልጠይቅ፦ ባትሪው ደካማ ከነበረ ጠዋት ጠዋት ማን ያስነሣት ነበር? ደካማ ባትሪ መጀመሪያ የሚያሳብቀው በብርድ ነው። «ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ የምታስቸግረው?» ብሎ የጠየቃቸው አንድ ሰው የለም። አንድ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሲጠፋ ውሃው አይዞርም፣ ቬንትሌተሩም ይቆማል። ግለቱ ወደ ካርቡሬተሩ ይወጣል፤ ቋቱ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላና ወደ ማኒፎልዱ ይንጠባጠባል። ሞተሩ ታፈነ ማለት ነው። ባለመኪናው ደንግጦ ፔዳሉን ደጋግሞ ይረግጣል፤ በየርግጫው ሌላ ቤንዚን ይረጫል! ፔዳሉን አንዴ እስከ ታች ረግጦ፣ ሳይለቁ ቁልፉን ማዞር ነው። አየር ይግባላት።

«የቀወት ሙቀት ነው፣ ምን ይደረግ» የምትሏትን ሰበብ ደግሞ ተዉልኝ። ቆላ ነን፣ አዎ። ፋብሪካው ግን ለዚሁ ብሎ ከካርቡሬተሩ ሥር ሙቀት የሚከለክል ወፍራም ማገጃ አድርጎበታል። ፈትቼ ሳይ የለም! ከዚህ በፊት የፈታት ሰው ጥሎት በስስ ወረቀት ጋስኬት ገጥሟታል። የዲኤክስ ካርቡሬተር ፊቱ ላይ ትንሽ መስታወት አለችው፤ የቤንዚኑ ልክ መሀሏ ላይ መታየት አለበት። የጋሼ ከላይ ድረስ ሞልቷል፤ መርፌዋ ቆሻሻ ይዟት አልዘጋ ብላለች። ጠረግኳት፣ ማገጃውንም ከአንድ የወደቀ ካርቡሬተር ላይ ፈትቼ መለስኩ። አለቀ።

የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል። እነዚህ አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት እጃችሁ ላይ ይመላለሳሉ፤ ባለቤቶቻቸውም በግምት ለሚቀየር ዕቃ የሚከፍሉት ትርፍ ብር የላቸውም።

ትናንት ቀትር ላይ ጋሼ ሻያቸውን ጠጥተው በአንድ ቁልፍ አስነሡ። ጤነኛው አሮጌ ባትሪያቸው ግን እዚያው ጋራዥ ቀርቷል። ሂዱና ጠይቁ ብያቸዋለሁ።