ቤታችንን እናዛውር ወይስ እንመላለስ?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች በየልባቸው የሚያወጡት የሚያወርዱት፣ በአደባባይ ግን እምብዛም ያልተነጋገሩበት አንድ ጉዳይ ስላለ፣ ይህን አስተያየቴን በአንባብያን ዓምድ ላይ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሐዋሳ ስለ ነበረች፣ ብዙው ሠራተኛ ጎጆ የቀለሰውና ልጆቹን ያስተማረው በዚያው ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የጌዴኦ ዞን የሚገኝበት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቋመ። የዚህም ክልል መሥሪያ ቤቶች በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላና በሌሎችም ከተሞች ተከፋፈሉ። ከዚህም የተነሣ የእኔን የመሰለው ሠራተኛ እንጀራው ዲላ ሲሆን ቤቱ ሐዋሳ ቀረ።

ከሐዋሳ እስከ ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመጀመሪያው ሰሞን በየቀኑ እየተመላለስሁ እሠራ ነበር። መኪናው እስኪሞላ የሚጠበቀው ተጨምሮ መሄጃው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መመለሻውም ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህ በሳምንት 25 ሰዓት መሆኑ ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ የተወሰነው የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ሰዓት መሆኑን ስናስብ፣ ደመወዝ የሌለው ሌላ ሥራ በትከሻችን ላይ ተጭኗል ማለት ነው። ትንሿን ልጄን ስወጣም ስገባም ተኝታ ነበር የማገኛት።

አንዳንድ ወዳጆቼ «የአዲስ አበባ ሰውስ ከአያት ተነሥቶ መሐል ከተማ ይሠራ የለም ወይ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አያት ወይም ቃሊቲ ላይ ቤት የደረሰው ሰው ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ባቡር አግኝቷል። ያም ቢሆን በመለዋወጫ እጥረት ብዙ ባቡሮች በቆሙ ጊዜ ሰልፉ ምን ያህል እንደ ረዘመ የተሰለፈ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ሩቅ ቤት ርካሽ የሚሆነው መጓጓዣው የታመነ ሲሆን ብቻ መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ወደ ዲላስ ባቡር አልታሰበም ነበርን? ታስቦ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት፣ በተለይ የሲዳሞን ቡና ወደ ወደብ ለማድረስ፣ ከናዝሬት እስከ ዲላ ሐዲድ እንዲዘረጋ ተጠንቶ ነበር። ሐዲዱ ግን ሳይዘረጋ ቀረ፤ እኛም ዛሬ የሚኒባስ ወንበር እንሻማለን።

ሌሎች ደግሞ «ከዲላ ዳር ወጣ ብሎ ቤት መሥራት ነው» ይላሉ። በዚህ አሳብ በበኩሌ አልስማማም። የጌዴኦ መሬት በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ቡናና እንሰት አብሮ የሚበቅልበት፣ ሕዝቡም እጅግ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ነው። ይህ አያያዝ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በከንቱ አይደለም። በከተማው ዳር የሚቆመው ቤት ሁሉ በአንድ ገበሬ እንሰት ላይ ይቆማል። በወናጎ ወይም በይርጋ ጨፌ ተከራይቶ መመላለስም ቢሆን መንገዱን ያሳጥር እንደሆነ እንጂ መኪና መጠበቁን አያስቀርም።

ሦስተኛው መንገድ ሰኞ ሄዶ ዓርብ መመለስ ነው። ይህንንም ሞክሬዋለሁ። ሁለት የቤት ወጪ፣ ሁለት ምድጃ ሆነብኝ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለእኔ የተነገረ መሰለኝ።

ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተማክረን የሐዋሳውን ቤት አከራይተን፣ ልጆቹ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ በመጪው ክረምት ወደ ዲላ ከተማ መሐል ለመዛወር ቆርጠናል። ነገሩ ግን ያለ ኪሳራ አይደለም። ባለቤቴ መምህርት ናት፤ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ለመዛወር ለቃቂውም ተቀባዩም መስማማት ስላለባቸው፣ ይህ ካልተሳካ የእርሷን ደመወዝ እናጣለን። ይህን እያወቅን ወሰንን፤ ደመወዝ በሌላ ዓመት ሊገኝ ይችላል፣ የልጅ አስተዳደግ ግን ተመልሶ አይገኝም።

ጉዳዩ የእኔ ብቻ አለመሆኑን በማመን ለሚመለከታቸው ሁሉ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሠራተኛ ሲዛወር የባልና ሚስት ጉዳይ አብሮ እንዲታይ፤ ሁለተኛ፣ በዲላ ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው በከተማው ውስጥ ፎቅ ቤት የሚሠሩበት መንገድ እንዲመቻችና ቡናው እንዳይቆረጥ፤ ሦስተኛ፣ መዛወር ለማይችሉት በአዲስ አበባ ለመንግሥት ሠራተኛ እንደ ተመደበው አውቶቡስ ያለ አገልግሎት እንዲታሰብላቸው ነው። በመንገድ ደክሞ የገባ ጸሐፊ ባለጉዳይን በትዕግሥት ሊያስተናግድ እንደማይችል የታወቀ ስለሆነ፣ ትርፉ ለሕዝብም ጭምር ነው።

የተሻለ አሳብ ያላቸው አንባብያን ቢያርሙኝ በደስታ እቀበላለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከዲላ